የሸክላ ሠሪ እናቶች ድካምና የፍትሐዊ ንግድ ማኅተም

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1878 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የወጡ ጥቂት አይሁድ ሙላቢስ ከሚባል መንደር መሬት ገዝተው የመሠረቷት ፔታሕ ቲቅቫ፣ ወባ ነዋሪዎቿን ካፈለሰና እንደ ገና ከተያዘች በኋላ፣ በብርቱካን አትክልቷ የታወቀች የገበሬዎች ሰፈር ሆና ኖራ በ1937 የከተማነትን ማዕርግ አገኘች። በ1984 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991ም በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ከገቡት የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ከቤተ እስራኤል፣ በዚህች ከተማ የሰፈሩ አሉ፤ ከአረጋውያን እናቶችም መካከል፣ በጎንደር ሳሉ ርስት ተከልክለው፣ ጭቃ አቡክተው ቤተ ሰብ ያስተዳደሩ ይገኛሉ።

ዐፄ ይስሐቅ በዐሥራ አምስተኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ ማወጃቸው በታሪክ ይነገራል። ርስት ያጣው ወንድ በጭሰኝነት እያረሰ ብረት ሲቀጠቅጥና ሲሸምን፣ ሴቲቱ አፈሩን ቆፍራ፣ በጀርባዋ ተሸክማ፣ ወቅጣና ነፍታ፣ ያለ መንኰራኵር በእጇ ብቻ እንስራውን፣ ምጣዱንና ጀበናውን ታበጃለች፤ በለስላሳ ድንጋይ አሽታ፣ በፀሐይ አድርቃ፣ በእሳት ተኩሳ ለገበያ ታወርዳለች። ውኃ መቅዳቱ፣ እህል መፍጨቱና ልጅ ማሳደጉ ግን አንዱም አይቀነስላትም፤ በድስቷ ወጡን የሚሠራው ሰው ደግሞ ቡዳ ይላታል፤ ይህ እስከ ዛሬ ልብ የሚያቈስል ግፍ ነው። ኋላም ሀገር ጎብኚ በበዛ ጊዜ በጎንደር አጠገብ ያለችው የወለቃ መንደር ሴቶች ትንንሽ የሸክላ ምስሎችን እየሠሩ ገንዘብ አገኙ፤ ነገር ግን እኔ እንደማምነው፣ አዲሱ ሥራ በአሮጌው ሸክም ላይ ተደረበ እንጂ አልተካውም።

የዚህ ነገር አምሳያ በቡናችን ይታያል። በ1988 በኔዘርላንድ በሜክሲኮ ቡና ላይ የተጀመረው የፍትሐዊ ንግድ ማኅተም፣ በ1999 የተመሠረተውን የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንን ከመሰሉ ማኅበራት ጋር ወደ ሀገራችን ገባ። ገበያ ሲወድቅ የሚጠብቀው ዝቅተኛ ዋጋና ለማኅበሩ የሚሰጠው ተጨማሪ ክፍያ ትምህርት ቤትና የውኃ ጉድጓድ ማሠራታቸው አይካድም፤ ውኃ መቅረቡም ለሴት ትልቅ እረፍት ነው። ሆኖም ቀዩን እሸት ብቻ እየለዩ ደጋግሞ መልቀም፣ በአልጋ ላይ አስጥቶ ማገላበጥ፣ እንከኑን እየለቀሙ ማውጣት፣ የተፈጥሮ ቡና ከሆነም አረሙን ያለ መድኃኒት በእጅ መንቀል፣ ከዚህ ሁሉ አብዛኛው የሚወድቀው በሴቶች ላይ ሲሆን፣ በማኅበሩ መዝገብ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የባል ስም ነው። በሜክሲኮ በኦሐካ የተደረገ ጥናትም በቡና ማኅበር አመራር የገቡ ሴቶች ከቤቱና ከማሳው ሥራ በላይ የስብሰባውን ሰዓት ሲሸከሙ ጊዜ እንደሚያጥራቸው አሳይቷል።

ስለዚህ ማኅተሙን የሚሰጡ መርማሪዎች ቡናውን እንደሚመዝኑ የሴቲቱንም ሰዓት ይቍጠሩ፤ የማኅበሩም መዝገብ በባልና በሚስት ስም ይጻፍ፤ በፔታሕ ቲቅቫ ያላችሁ ልጆችም እናቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ የሸክላውን ሥራ ታሪክ ጠይቃችሁ ጻፉ።