የኮሶ ቀን እና የመርፌ ቀን

ከአሰላ ወደ ጭላሎ ሽቅብ ስትወጡ፣ ብርዱ ጠንከር ሲል የኮሶ ዛፍ ታገኛላችሁ። በኦሮምኛ ሄጦ ይባላል። የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ ጥሬ ሥጋ ላመጣው ትል ለዘመናት ሲጠጣ ኖሯል። ስለ ቁርጥማት መርፌ ልጽፍ ተነስቼ ከኮሶ የጀመርኩት፣ ከሚያንገላታ መድኃኒት ጋር መኖርን ያስተማረን እሱ ስለሆነ ነው። ግማሹን በደንብ አስተምሮናል፣ ግማሹን ግን አሳስቶናል።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ጀምስ ብሩስ፣ ኮሶ የጠጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ከቤቱ እንደማይወጣ ጽፏል። ማቅለሽለሹ፣ ትውከቱ፣ ቁርጠቱ ቀድሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ ቀን ይመረጥለታል፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ደግሞ ጌታም ሆነ እንግዳ አይቀየምም። አገር ሙሉ ለመድኃኒት ሕመም ፈቃድ ይሰጥ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ይህን የሚሰጥ አለቃ ስንት አለ?

አሳሳቹ ትምህርት «ካላንገላታ አልሠራም» የሚለው ነው። ልኩ በእጅ ይገመታል፣ የበዛበትም ሰው «እየሠራልህ ነው» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1969 የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ኮሶ ዓይናቸውን ስለጎዳባቸው ሰዎች ጽሑፍ አውጥቷል።

አሁን ወደ መርፌው። ለሩማቶይድ ቁርጥማት በብዛት የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት ነው። በእንክብልም አለ፤ እንክብሉ ሆድ ካወከ በመርፌ ይቀየርና ሰው ራሱ ሆዱ ወይም ጭኑ ላይ ከቆዳ ሥር ይወጋዋል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ! በየቀኑ የወሰዱት ሞተዋል። በማግስቱ ማቅለሽለሽና ድካም ይመጣል። እዚህ ላይ የአያቶቻችን ዘዴ ይሠራል፦ በማግስቱ ሥራ የሌለበትን ቀን መምረጥ፣ ማታ ወስዶ መተኛት፣ ለቤተሰብ መናገር።

አፍ ሲቆስል፣ ትኩሳትና ደረቅ ሳል ሲመጣ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ግን «እየሠራ ነው» አይባልም። በዚያው ቀን ሐኪም ጋር መሄድ ነው። ሐኪም ሳያማክሩ ለዘለቄታው መተውም ጥሩ አይደለም፤ መገጣጠሚያው መበላሸቱን ይቀጥላል።

ታሪኩ ደግሞ ይገርማል። በ1930 አካባቢ እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሉሲ ዊልስ ቦምቤይ ውስጥ ደም ያነሳቸውን እርጉዞች ማርማይት በሚባል የእርሾ ምግብ አዳነች። ውስጡ የነበረው ኋላ ፎሊክ አሲድ የተባለው ነገር ነው። ሕንዳዊው ሱባራው አሜሪካ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር የዚህን ቫይታሚን ተቃራኒዎች ሠራ፤ በ1948 ሲድኒ ፋርበር ከእነዚህ አንዱን ለሉኪሚያ ሕፃናት ሰጠ፤ በ1951 ጉብነር በቁርጥማት ላይ ሞከረው። ታናሽ ወንድሙ ሜቶትሬክሴት በአሜሪካ ለቁርጥማት የተፈቀደው በ1988 ነው። (እነዚህም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ መድኃኒቱ የፎሊክ አሲድ ጠላት ነው፤ ብዙው ማቅለሽለሽና የአፍ ቁስል የሚመጣውም ከዚያ ነው። ሐኪሙ አብሮ የሚያዘው ያ ርካሽ ቢጫ ክኒን ለዚህ ነው። «ቫይታሚን ነው» ተብሎ በመጀመሪያ የሚተወውም እሱ መሆኑ ያናድደኛል። ለጉበትና ለደም ሴሎች የሚደረገው የደም ምርመራም እንዲሁ አይዘለልም፤ አረቄም ይቅር።

ሌላም አለ። ድሮ እርጉዝ ሴት ኮሶ አትጠጣም፤ ፅንስ እንደሚያስወርድ ይታወቅ ነበር። ሜቶትሬክሴትም ፅንስን ይጎዳል። ልጅ ያሰበች ሴት ከወራት በፊት ለሐኪሟ ነግራ ሌላ መድኃኒት ትቀይራለች።