ከደረሰው ለሚደርሰው፦ የመድረሻ ማስታወሻ አጭር ታሪክ

አንድ ሰው ከሩቅ ስፍራ ደርሶ ሲመለስ ለተከታዩ ትቶት የሚሄደው ማስታወሻ ምን ይጠቅማል? ይህ ጥያቄ ዛሬ ጂኦካሺንግ በተባለው፣ የተሸሸገ ሣጥን በሳተላይት እየተመሩ በመፈለግ ጨዋታ ዘንድ ዘወትር የሚነሳ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ከጨዋታው ዕድሜ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መሄድ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው የተወለደው ከአንድ የቴክኒክ ለውጥ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች ለሲቪሉ ተጠቃሚ የሚልኩትን ምልክት ለጸጥታ ሲል ሆን ብሎ ያዛባ ስለነበረ፣ ተራ መቀበያ የሚያመለክተው ስፍራ እስከ 100 ሜትር ያህል ሊስት ይችል ነበር። ማዛባቱ በሜይ 2 ቀን 2000 ሲቋረጥ ስሕተቱ ወደ 20 ሜትርና ከዚያም በታች ዝቅ አለ። በማግሥቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ አዲሱን ትክክለኛነት ለመፈተን፣ በኦሪገን ግዛት በቢቨርክሪክ አጠገብ አንድ ጥቁር ባልዲ ከጫካ ሸሽጎ የኬክሮሱንና የኬንትሮሱን ቁጥር በኢንተርኔት አስታወቀ። በባልዲው ውስጥ ለፈላጊው ከተተዉት ልዩ ልዩ ዕቃዎች ጋር ደብተርና እርሳስ ይገኙ ነበር። በሦስት ቀን ጊዜ ውስጥ ሁለት ሰዎች ስፍራውን አግኝተው የገጠማቸውን ለሌሎች ተረኩ። ስለሆነም የማግኘቱ ወሬ ከማግኘቱ ጋር መንትያ ሆኖ ተወለደ ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ አዲሱ ነገር ሳተላይቱ እንጂ ደብተሩ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ዳርትሙር የተባለ ሰፊና ረግረጋማ ደጋ አለ። በ1854 የመንገድ መሪ የነበረው ጄምስ ፔሮት፣ በዚያን ጊዜ ለመድረስ እጅግ አስቸጋሪ በነበረው በክራንሚር ፑል አንድ ጠርሙስ አኖረ። እዚያ የደረሰ መንገደኛ የስም ካርዱን ከጠርሙሱ ይጨምር ነበር፤ ከጊዜ በኋላም በጠርሙሱ ፋንታ የጎብኚዎች መዝገብ ተተካ። ነገር ግን የስም ካርድ «ደርሻለሁ» ከማለት በቀር የሚነግረን የለም። መንገዱ እንዴት እንደነበረ፣ ውሃው የት እንደሚያሰጥም ተከታዩ ከካርዱ ሊማር አይችልም።

ማስታወሻ ከስም በላይ መሆኑን አበክሮ የሚያስረዳው የሰር ጆን ፍራንክሊን ጉዞ ነው። ኤሬበስና ቴረር የተባሉት ሁለት መርከቦች በ1845 ከእንግሊዝ ተነስተው፣ በሰሜን አሜሪካ ጫፍ በኩል የሚያሳልፍ የባሕር መንገድ ለመፈለግ 129 ሰዎችን ይዘው ወደ በረዶው ገቡ፤ አንዳቸውም አልተመለሱም። ከብዙ ዓመት ፍለጋ በኋላ በሜይ 1859 ሌተናንት ሆብሰን በኪንግ ዊልያም ደሴት ከድንጋይ ካብ ውስጥ አንድ ወረቀት አገኘ። ወረቀቱ ያገኘው ሰው ወደ ባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት እንዲልከው በ6 ቋንቋዎች የሚጠይቅ የታተመ ቅጽ ነበር።

በዚያ በአንዲቱ ወረቀት ላይ ሁለት ማስታወሻዎች ሰፍረዋል። በሜይ 1847 የተጻፈው ሁሉም ደህና መሆኑን ያበስራል፤ በቢቺ ደሴት የከረሙበትንም ዓመት አሳስቶ ይመዘግባል። በአፕሪል 25 ቀን 1848 በወረቀቱ ጠርዝ ዙሪያ የተጨመረው ግን ሌላ ነው። መርከቦቹ ከሴፕቴምበር 1846 ጀምሮ በበረዶ ተይዘው ከቆዩ በኋላ መለቀቃቸውን፣ ፍራንክሊን በጁን 11 ቀን 1847 መሞቱን፣ እስከዚያ ቀን 9 መኰንኖችና 15 ሌሎች ሰዎች ማለቃቸውን፣ የቀሩት 105 ሰዎችም በማግሥቱ ወደ ባክ ወንዝ እንደሚነሱ ይገልጻል። ሰዎቹ ለምን እንደሞቱ አይናገርም። ሆኖም በጥቂት መስመሮች ቀንን፣ ስፍራን፣ ቁጥርንና የጉዞ አቅጣጫን ስላስቀረ፣ የጉዞው ታሪክ ሁሉ እስከ ዛሬ በዚያች ወረቀት ላይ ይመረኰዛል። መርከቦቹ ራሳቸው የተገኙት በ2014 እና በ2016 ነው። ሁለቱም ተለቅቀዋል ከተባለበት ስፍራ ወደ ደቡብ ርቀው በመገኘታቸው፣ ወረቀቱ ከተጻፈ በኋላ ሌላ ነገር እንደተከናወነ ታወቀ። ይህንንም ለመረዳት የቻልነው መነሻው ተጽፎ ስለቆየን ነው።

ከዚህ ታሪክ ወደ ጨዋታው ብንመለስ ልዩነቱ የክብደት እንጂ የዓይነት አይደለም። ዛሬ በዓለም ላይ ከ3 ሚሊዮን በላይ የተሸሸጉ ሣጥኖች አሉ። ሣጥኑን የሸሸገው ሰው በአጠገቡ አይውልም፤ ክዳኑ መሰንጠቁን፣ ደብተሩ መራሱን ወይም ጎርፍ ሁሉንም መውሰዱን የሚያውቀው ደርሰው ከተመለሱት ሰዎች ቃል ነው። ፈላጊው በአንድ ቀን ብዙ ሣጥን አግኝቶ ለሁሉም አንዲት የምስጋና ቃል እየገለበጠ ቢያልፍ፣ ለራሱ ቁጥር ጨመረ እንጂ ለማንም አልነገረም። በአንጻሩ ወንዙ በየትኛው ወር እንደሚሞላ፣ በየትኛው በኩል መውጣት እንደሚሻል፣ ምን እንዳየ የጻፈ ሰው፣ መደበቂያውን ሳይገልጥ ለሸሻጊውም ለተከታዩም ባለውለታ ይሆናል። ፈልጎ ያጣ ሰው «አላገኘሁም» ብሎ መጻፉም ቸል የሚባል አይደለም፤ እንዲህ ያለው ቃል ሲደጋገም ሸሻጊው ሄዶ እንዲያይ ያስገድደዋልና።

ይህ ነገር ለእኛ ለመሐንዲሶች እንግዳ ሊሆን አይገባም። በዕለት ሥራ መዝገብ ላይ «ሥራው ተሠርቷል» ብሎ መፈረም ከፔሮት ጠርሙስ ካርድ ጨምሮ መሄድ ማለት ነው። መሠረቱ ሲቆፈር በስንት ሜትር ላይ ውሃ እንደተገኘ፣ ኮንክሪቱ ሲሞላ ዝናብ እንደነበረ የተጻፈ እንደሆነ ግን፣ ከ30 ዓመት በኋላ ያንኑ ሕንፃ ለመጠገን የሚመጣው ባለሙያ ከባዶ አይነሳም። ጸሐፊው አንባቢውን አያውቀውም፤ አንባቢውም ጸሐፊውን ላይደርስበት ይችላል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ወረቀቱ ብቻ ስለሆነ፣ ከቦታው የደረሰ ሰው ያየውን በሚገባ ጽፎ ማለፍ ይኖርበታል።