ጽሙድ መድኃኒት

የጡት ካንሰርን የሚያክሙ ሐኪሞች ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በየጉባኤያቸውና በየጽሑፋቸው አዘውትረው የሚያነሡት፣ ከእነርሱም አፍ ወደ ሕሙማኑና ወደ ቤተ ዘመዱ ጆሮ መድረስ የጀመረ አንድ የባዕድ አገር ስም አለ፤ እርሱም «አንቲቦዲ ድራግ ኮንጁጌት» ይባላል። ስሙ እንዳለ ቢነገር ለሰሚው ከድምፅ በቀር የሚያስጨብጠው ቁም ነገር ስለሌለ፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ «ጽሙድ መድኃኒት» እለዋለሁ። በግእዝ ጸመደ ማለት ሁለቱን በአንድ ቀንበር አገናኘ፣ አጣመረ ማለት ነው፤ ገበሬው በሬዎቹን ጠመደ የምንለውም ይኸው ግስ ጸው ወደ ጠ ተለውጦ ነው፤ ኮንጁጌት የሚለውም ቃል ቢሆን ቀንበር ከሚለው የላቲን ስም የተወለደ ስለ ሆነ ትርጓሜው ከሥሩ አልራቀም። ድብልቅ ያላልሁት የተደባለቀ ነገር የየራሱ ጠባይ ስለሚጠፋበት ነው፤ እነዚህ ግን በአንድ ቀንበር ሳሉ ጠባያቸውን አይለቁም። ውሑድ እንዳልለው ደግሞ ቃሉ በቤተ ክርስቲያናችን የተሸከመው ምሥጢር ለዚህ ነገር እጅግ የከበደ ሆኖ ታየኝ።

የተጠመዱት ሁለቱ እነማን ናቸው ቢባል፣ አንደኛው ፀረ እንግዳ አካል፣ ሁለተኛው መርዝ ነው። ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለት አንቲቦዲ፣ ሰውነታችን ከውጭ የገባበትን ጠላት ለይቶ የሚይዝበት ፕሮቲን ሲሆን፣ የሚይዘውም ያገኘውን ሁሉ ሳይሆን የተመደበለትን አንድ ምልክት ብቻ ነው። መርዙ በበኩሉ በተለመደው ኬሞቴራፒ ከሚሰጠው መድኃኒት እጅግ የበረታ፣ ብቻውን በደም ሥር ቢለቀቅ ሕመምተኛውን ከሕመሙ አስቀድሞ ሊጥል የሚችል ነው። እነዚህን የሚያስተሳስር ሦስተኛ ነገር አለ፤ ስሙም ማያያዣ ይባላል። በእኔ አስተያየት የዚህ ጥበብ ዋና ጉዳይ ያለው በመርዙም በፀረ እንግዳ አካሉም ሳይሆን ብዙ ሰው ልብ በማይለው በዚህ በማያያዣው ላይ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በ1908 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ጀርመናዊው ሊቅ ፓውል ኤርሊክ አንዳንድ ቀለም አንዱን ሕዋስ አቅልሞ ሌላውን ሳይነካ እንደሚያልፍ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ኖሮ፣ ቀለም ይህን ማድረግ ከቻለ መርዝስ በደዌው ላይ ብቻ እንዲያርፍ ማድረግ ስለ ምን አይቻልም ብሎ ስላሰበ፣ ያንን ገና ያልተገኘ መድኃኒት አስማተኛ ጥይት ብሎ ጠራው። መሣሪያ ያጣው ይህ ሐሳብ እስከ 1975 ድረስ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ በዚያ ዓመት ጆርጅ ኮህለርና ሴሳር ሚልስቲን በካምብሪጅ አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ብቻ ሳያቋርጡ የሚያወጡ ሕዋሳትን ማርባት ቻሉ። ከዚያ በኋላ የቀረው ለጡት ካንሰር የሚሆን ምልክት ማግኘት ነበር። ይህንንም በ1987 ዴኒስ ስላሞንና ባልንጀሮቹ በሎስ አንጀለስ አስረዱ፤ ኸር-2 የሚባለው የተቀባይ ፕሮቲን ዘረ መል በአንዳንድ የጡት ካንሰር ላይ ከልክ በላይ እንደሚበዛ፣ በበዛባቸውም ሴቶች ላይ ደዌው ቶሎ እንደሚመለስና ዕድሜያቸውን እንደሚያሳጥር አሳዩ። ምልክቱን የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል፣ ትራስቱዙማብ፣ በንግድ ስሙ ኸርሴፕቲን፣ በ1998 በአሜሪካ ተፈቅዶ፣ ቀድሞ ከሁሉ ይልቅ ይፈራ የነበረው የካንሰር ዓይነት ሊገታ የሚችል ሆነ። ይሁን እንጂ ኸር-2 የበዛባቸው ከመቶ 15 እስከ 20 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ትራስቱዙማብን የሚለምድና የሚያመልጥ ካንሰር ነበረ።

አሁን ወደ መርዙ እንምጣ፤ በዚህ ላይ ጥቂት ብቆይ ኢትዮጵያዊው አንባቢ አይከፋብኝም ብዬ አስባለሁ። በ1960ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ካንሰርን የሚገታ ኃይል ይገኝባቸው እንደ ሆነ ለማስመርመር ከየአህጉሩ ዕፀዋት ሲያስለቅም፣ ከኢትዮጵያ ከተወሰዱት መካከል ማይቴኑስ ከሚባለው ወገን የሆነ አንድ ቁጥቋጦ ነበረ፤ የዚህን ወገን ዕፀዋት ባላገሩ አጣጥ በሚል ስም ያውቃቸዋል። ሞሪስ ኩፕቻን የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ በ1972 ከዚሁ ቁጥቋጦ ማይታንሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ፤ የተገኘውም መጠን ለአንድ ኪሎ ዕፅ ከአንድ ሚሊ ግራም የሚያንስ ስለ ነበር፣ ለጥናቱ የሚበቃውን ያህል ለማግኘት ብዙ ዕፅ መሰብሰብ ግድ ሆነ፤ ኋላም የበለጠ የሚሰጥ ዘመዱ በኬንያ ተገኘ። በ1977 ደግሞ የጃፓን ሊቃውንት እርሱን የሚመስሉ ንጥረ ነገሮችን ከባክቴሪያ ስላገኙ፣ መርዙን በፋብሪካ ማፍላት ተቻለ እንጂ ተራራውን መመንጠር አላስፈለገም። ቁጥቋጦው ከአገራችን ሲወጣ አገሮች በዕፀዋታቸው ላይ ያላቸውን መብት የሚያጸናው ዓለም አቀፍ የብዝኀ ሕይወት ስምምነት ገና አልነበረም፤ ስምምነቱ የተፈረመው በ1992 ነው፤ ስለዚህ ሕግ ተጣሰ ለማለት ባይቻልም፣ አጣጥን ከጓሮው አጥር የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ዝም ብሎ አያልፈውም።

የማይታንሲን አሠራር እንዲህ ነው። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል የዘር ቅንጣቶቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚጎትቱት ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን የተገነቡ ቀጫጭን ክሮች ናቸው፤ ማይታንሲን ቱቡሊንን ይዞ እነዚያ ክሮች እንዳይገነቡ ስለሚያግድ፣ ሕዋሱ መከፈሉን ጀምሮ መጨረስ ተስኖት ይሞታል። ነገር ግን የሚከፈለው የካንሰር ሕዋስ ብቻ አይደለምና፣ መድኃኒቱ በ1970ዎቹ ዓመታት በሕሙማን ላይ ሲሞከር ትውከትና ተቅማጥ፣ ከባድ ድካምና የነርቭ ሕመም አስከትሎ፣ ጥቅሙም ከጉዳቱ ጋር ሲመዘን ቀልሎ ስለ ተገኘ ተተወ። (ይህን አንብቦ አጣጥ ቀቅሎ ለመጠጣት የሚያስብ ቢኖር፣ ሊቃውንቱ በመርፌ እየለኩ የሰጡት እንኳ እንዲህ እንዳደረገ ያስብ፤ በድስት የሚለካ መርዝ የለም።)

ተትቶ የነበረውን መርዝ ወደ ሕክምና የመለሰው ማያያዣው ነው። ማያያዣ ሁለት የሚቃረኑ ግዴታዎች አሉበት፤ በደም ውስጥ ቀናት ሙሉ ሲዞር ሳይላላ መጽናት፣ በካንሰሩ ሕዋስ ውስጥ በገባ ጊዜ ግን መርዙን መልቀቅ አለበት። በ2000 ለደም ካንሰር የተፈቀደው የመጀመሪያው ጽሙድ መድኃኒት፣ ማይሎታርግ፣ ማያያዣው በደም ውስጥ የመላላት ጠባይ ነበረበት፤ በኋላ የተደረገው ጥናትም ጥቅሙን ስላላረጋገጠ በ2010 ከገበያ ወጥቶ፣ መጠኑ ተቀንሶ የተመለሰው በ2017 ነው። በማሳቹሴትስ የሚገኘው ኢሙኖጅን የተባለው ኩባንያ ከማይታንሲን የተገኘውን መርዝ አጽንቶ የሚይዝ ማያያዣ ሲያበጅ፣ ጄነንቴክ የተባለው ደግሞ ትራስቱዙማብን አቀረበ፤ ከሁለቱም ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን፣ በንግድ ስሙ ካድሳይላ፣ ተወልዶ በ2013 ተፈቀደ። በአንድ ፀረ እንግዳ አካል ላይ በአማካይ ሦስት ተኩል ያህል የመርዝ ቅንጣት ይጠመዳል። ፀረ እንግዳ አካሉ ኸር-2ን በያዘ ጊዜ ሕዋሱ ሁለቱንም አንድ ላይ ይውጣቸዋል፤ በውስጡ ባለው የመፍጫ ከረጢትም ፀረ እንግዳ አካሉ ሲፈጭ መርዙ ይለቀቃል፤ ሕዋሱም በዋጠው ነገር ይሞታል።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነበር። ደዌው ወደ ሌላ አካል በተዛመተባቸው 991 ሕሙማን ላይ በተደረገውና ኤሚሊያ በተባለው ጥናት፣ አዲሱን መድኃኒት የወሰዱት ጥናቱን ከጀመሩ ወዲህ የኖሩት ዕድሜ መካከለኛ ልክ 30.9 ወር ሲሆን፣ የቀድሞውን ሕክምና የወሰዱት 25.1 ወር ሆነ። ለእኔ ግን ከዚህ የሚበልጥብኝ በ2018 የታተመው ካትሪን የተባለው ጥናት ነው፤ እዚያ የተመረጡት 1,486 ሕሙማን ከቀዶ ጥገና በፊት መድኃኒት ወስደው ሳለ በቀዶ ጥገናው ጊዜ የካንሰር ቅሪት የተገኘባቸው፣ ማለት ፈውሳቸው ገና የሚያጠራጥር ሰዎች ነበሩ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ደዌው ሳይመለስባቸው የተገኙት በትራስቱዙማብ ብቻ ከመቶ 77፣ በጽሙዱ መድኃኒት ግን ከመቶ 88 ያህል ሆኑ። የመጀመሪያው ጥናት ሞትን አራቀ፤ ይኸኛው ግን ብዙዎችን ደዌው ወዳልተመለሰባቸው ወገን አሻገረ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ትራስቱዙማብ ዴሩክስቴካን ነው፤ የሠራው ዳይቺ ሳንክዮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሲሆን በ2019 መጨረሻ በአሜሪካ ተፈቀደ። ፀረ እንግዳ አካሉ ያው ትራስቱዙማብ ነው፤ መርዙ ግን የካምፕቶቴሲን ወገን ሲሆን፣ ካምፕቶቴሲንን ማንሱክ ዋኒና ሞንሮ ዎል በ1966 ከአንድ የቻይና ዛፍ እንዳወጡት ይታወቃል። በእያንዳንዱ ፀረ እንግዳ አካል ላይ ስምንት ያህል ቅንጣት ተጠምዷል፤ ማያያዣውም በካንሰር ሕዋስ ውስጥ በሚበዙ ኢንዛይሞች የሚቆረጥ ነው። የተለቀቀው መርዝ የሕዋሱን ሽፋን አልፎ መውጣት ስለሚችል፣ ኸር-2 የሌለባቸውን ጎረቤት የካንሰር ሕዋሳት ጭምር ይገድላል፤ የካድሳይላ መርዝ ይህን አያደርግም ነበር። በ2022 በታተመው ጥናት ሁለቱ ጽሙዳን በ524 ሕሙማን ላይ ፊት ለፊት ሲወዳደሩ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ደዌው ሳይገፋ የቆየላቸው በካድሳይላ ከመቶ 34፣ በአዲሱ ከመቶ 76 ያህል ነበሩ።

የሐኪሞችን የአከፋፈል ሥርዓት የለወጠው ግን በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በቺካጎ ጉባኤ የቀረበው ሌላ ጥናት ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ካንሰሩ ኸር-2 «አለው» ወይም «የለውም» ተብሎ በሁለት ይከፈል ነበር፤ ጥቂት ያለው ሁሉ ከሌለው ጋር ይቈጠር ነበር። በ557 እንዲህ ባሉ ሕሙማን ላይ ዴሩክስቴካን ከተለመደው ኬሞቴራፒ ጋር ሲነጻጸር የሚኖሩበትን ዕድሜ መካከለኛ ልክ ከ16.8 ወደ 23.4 ወር ስላደረሰ፣ «ኸር-2 ዝቅተኛ» የሚባል አዲስ ወገን ተወለደ፤ ከጡት ካንሰር ሁሉ ግማሽ ያህሉም በዚህ ወገን የሚገባ ነው። ምክንያቱ ያው የማያያዣው መቆረጥና የመርዙ መሻገር ነው፤ ጥቂት ምልክት ያለው ሕዋስ መርዙን ካስገባ፣ ምልክት የሌለው ጎረቤቱም ከእርሱ ጋር ይሞታል።

ሆኖም ይህን ሁሉ ተአምር ብሎ መናገር ሕሙማኑን ማታለል ይሆናል። ደዌው ከተዛመተ በኋላ የሚለካው ትርፍ አሁንም በወራት ነው። ካድሳይላ የደም መርጊያ ሕዋሳትን ያሳንሳል፣ ጉበትንም ይጎዳል፤ ዴሩክስቴካን ደግሞ ሳንባን ያቈስላል፤ በዚያ በቺካጎው ጥናት ከመቶ 12 ያህሉ ይህ የሳንባ ሕመም ደርሶባቸው፣ ጥቂቶቹም ሞተውበታል። ስለዚህ መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት አዲስ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ቢሰማት ጉንፋን ነው ብላ ሳትተው ለሐኪሟ ወዲያው መንገር ይገባታል።

በአገራችን በሴቶች ላይ ከሚደርሰው የካንሰር ዓይነት ሁሉ የጡት ካንሰር ቀዳሚው ሲሆን፣ ብዙዎቹም ወደ ሐኪም የሚደርሱት ደዌው ከገፋ በኋላ ነው። ትራስቱዙማብ በ2015 በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ፣ ርካሽ አምሳያዎችም ወጥተውለታል፤ ጽሙዳኑ ግን በዋጋቸው ከአብዛኛው ሰው አቅም በላይ ናቸው፤ የአንደኛው መርዝ ሥሩ ከአጣጥ መሆኑም ዋጋውን አልቀነሰልንም።

ዋጋው እስኪወርድ ግን ዛሬ ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር አለ። የኸር-2 ምርመራ ከዕጢው በተወሰደው ናሙና ላይ ቀለም በማሳረፍ የሚደረግ ሲሆን፣ ውጤቱ 0፣ 1+፣ 2+ ወይም 3+ ተብሎ ይጻፋል፤ 2+ ሲሆን ዘረ መሉ በዝቶ እንደ ሆነ በሌላ ምርመራ ይጣራል። 1+ የሆነች፣ ወይም 2+ ሆና ዘረ መሉ ያልበዛባት ሴት ዛሬ ኸር-2 ዝቅተኛ ትባላለች፤ ከ2022 በፊት ግን «የለብሽም» ተብላ ከመዝገቡ ገብታ ይሆናል። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካ ከ1+ በታች ትንሽ ቀለም ለሚታይባቸው አንዳንድ ሕሙማን ጭምር ዴሩክስቴካንን ፈቅዳለች። እንግዲህ ከሐኪሙ ዘንድ መጠየቅ ያለበት «አለብኝ ወይስ የለብኝም» የሚለው ሳይሆን ቁጥሩ ስንት እንደ ሆነ ነው፤ የቀድሞው ወረቀት ቁጥሩን ያልጻፈ ቢሆን፣ ናሙናው በፓራፊን ታሽጎ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ ፓቶሎጂስቱ እንደገና ሊያየው ይችላል።