የጋምቤላ ብሔረሰቦች ቋንቋዎችና በአፍ መፍቻ ቋንቋ የመማር መብት

የጋምቤላ ሕዝቦች ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ነባር ብሔረሰቦች አኙዋ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከክልሉ 307 ሺህ ያህል ነዋሪዎች መካከል ኑዌር 47 በመቶ፣ አኙዋ 21 በመቶ፣ መዠንግር ደግሞ 4 በመቶ ያህሉን ይይዙ ነበር። የአምስቱም ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በናይሎ ሰሃራዊ የቋንቋ ቤተሰብ ይመደባሉ። የክልሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው።

የእነዚህ ብሔረሰቦች ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የመማር መብት አግኝተው ሥራ ላይ የዋለው ዘግይቶ ነው። መብቱ በውጭ አገዛዝም ሆነ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሥርዓቶች የተነፈገው በአብዛኛው የትምህርት ቋንቋዎችን የሚወስኑት ድንጋጌዎች የአካባቢውን ቋንቋዎች ሳያካትቱ በመውጣታቸው ነበር።

በውጭ አገዛዝ ዘመን

ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከብሪታንያ ጋር የተፈራረሙት ውል የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን ሲያካልል የአኙዋንና የኑዌርን ሕዝቦች በሁለት አስተዳደሮች ሥር እንዲከፈሉ አድርጓል። በዚሁ ውል ብሪታንያ በባሮ ወንዝ ዳርቻ የንግድ ጣቢያ የምታቋቁምበት ቦታ በኪራይ ያገኘች ሲሆን፣ የጋምቤላ ከተማም በዚሁ ጣቢያ ዙሪያ አደገች። በሱዳን አስተዳደር ሥር የነበረው ጣቢያ ሱዳን ነፃነቷን ካገኘች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል።

ከወሰኑ ማዶ የብሪታንያ አስተዳደር በ1920 ዓ.ም. በረጃፍ ከተማ የቋንቋ ጉባኤ ጠርቶ ነበር። ጉባኤው በደቡብ ሱዳን ለትምህርት የሚያገለግሉና በላቲን ፊደል የሚጻፉ ቋንቋዎችን ሲመርጥ ኑዌርንና ሺሉክን አካቷል። የሺሉክ የቅርብ ዘመድ የሆነው አኙዋ ግን ከተመረጡት መካከል አልነበረም። ከሱዳን ነፃነት በኋላ በ1949 ዓ.ም. በደቡብ የነበሩት የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ወደ መንግሥት ሲዛወሩ ዐረብኛ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን በመደረጉ፣ ተመርጠው የነበሩት ቋንቋዎችም ቦታቸውን አጥተዋል።

በኢትዮጵያ በኩል የፋሽስት ኢጣሊያ መንግሥት ግንቦት 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ባወጣው የአስተዳደር ሕግ አገሪቱን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር በስድስት ግዛቶች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ግዛት ለአገሬው ተወላጆች ትምህርት የሚሰጥበትን ቋንቋ ወሰነ። ጋምቤላ የሚገኝበትና መቀመጫውን ጅማ ያደረገው ግዛት የማስተማሪያ ቋንቋዎች ኦሮምኛና ካፊኛ እንዲሆኑ ተደነገገ። ከአኙዋ፣ ከኑዌር፣ ከመዠንግር፣ ከኦፖና ከኮሞ ቋንቋዎች አንዱም በሕጉ አልተጠቀሰም። ሕጉ ለበርካታ ቋንቋዎች ዕውቅና የሰጠ ቢመስልም ዓላማው ሕዝቡን ከፋፍሎ መግዛት ነበር። ትምህርት ቤቶችም ለኢጣሊያውያንና ለአገሬው ተወላጆች ተለይተው የተደራጁ ነበሩ።

ከነፃነት በኋላ

ከነፃነት መመለስ በኋላ በ1936 ዓ.ም. የሚሲዮኖችን ሥራ ለመምራት የወጣው ድንጋጌ በመላ አገሪቱ ትምህርት በአማርኛ እንዲሰጥ አዘዘ። የአካባቢ ቋንቋዎችን መጠቀም የተፈቀደው ተማሪዎችና ሚሲዮናውያን አማርኛ እስኪለምዱ ድረስ ለንግግር ብቻ ነበር። በዚህም ምክንያት የአኙዋ ወይም የኑዌር ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ፊደልን፣ ንባብንና አዲስ ቋንቋን በአንድ ጊዜ መማር ግድ ሆኖበት ነበር።

በደርግ ዘመን በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ በዓለም አቀፍ ደረጃም ሽልማት አስገኝቷል። አኙዋና ኑዌር ግን ከ15ቱ ቋንቋዎች መካከል አልነበሩም።

የሕግ ማዕቀፉ መለወጥ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ መሠረት ጥሏል። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ለሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት ዕውቅና ሰጥቷል። በአንቀጽ 39 ደግሞ ማንኛውም ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት እንዳለው ደንግጓል።

በዚህ መሠረት የአኙዋ፣ የኑዌርና የመዠንግር ቋንቋዎች በላቲን ፊደል እየተጻፉ በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራ ላይ ውለዋል። ለላቲን ፊደል መመረጥ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የኑዌርና የአኙዋ ቋንቋዎች በደቡብ ሱዳን ከሚነገሩት ጋር አንድ መሆናቸው ነው። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር በቀረበው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት ወቅት ሦስቱ ቋንቋዎች ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ የነበሩ ሲሆን፣ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ጥናቱ ለረጅም ዓመታት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ተማሪዎች በ8ኛ ክፍል ምዘና የተሻለ ውጤት ማስመዝገባቸውን አመልክቶ፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር እንደሚገባ ሐሳብ አቅርቧል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲም የቅድመ አንደኛና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ይደነግጋል።

ለአፈጻጸም የሚያስፈልጉ ጉዳዮች

መብቱ በክፍል ውስጥ ተግባራዊ የሚሆነው ቢያንስ አራት ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው። እነሱም ስምምነት የተደረሰበት የአጻጻፍ ሥርዓት፣ ለየክፍሉ በወቅቱ የሚደርስ የተማሪ መጽሐፍና የመምህር መምሪያ፣ በቋንቋው የሠለጠነ መምህር እንዲሁም ለእነዚህ ሁሉ የተመደበ በጀት ናቸው። ከአራቱ አንዱ ሲጓደል ቋንቋው በክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ቢሰፍርም ተማሪው በቋንቋው ተምሯል ማለት አይቻልም።

ልዩ ልዩ ብሔረሰቦች ተቀላቅለው በሚኖሩባቸው እንደ ጋምቤላ ከተማና ኢታንግ ባሉ አካባቢዎች በአንድ ትምህርት ቤት የሚገኙ ተማሪዎች የተለያየ አፍ መፍቻ ቋንቋ ይኖራቸዋል። በእነዚህ ቦታዎች አንዱን ቋንቋ ብቻ መምረጥ የሌላውን ልጅ መብት ስለሚነካ፣ የተማሪዎችን ቋንቋ በምዝገባ ወቅት መለየትና ክፍሎችንና መምህራንን በዚያው መሠረት ማደራጀት ያስፈልጋል።

ተናጋሪዎቻቸው ጥቂት የሆኑት ኦፖና ኮሞም ተመሳሳይ ትኩረት ይሻሉ። ሕገ መንግሥቱ መብቱን ለማንኛውም ብሔረሰብ ሲሰጥ የተናጋሪን ብዛት በቅድመ ሁኔታነት አላስቀመጠም። በመሆኑም ዓመታዊ ዕቅድና በጀት የሚያዘጋጁ የክልል፣ የዞንና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አምስቱንም ቋንቋዎች በስም ጠቅሰው ማካተታቸው ለመብቱ ተፈጻሚነት ቀዳሚው እርምጃ ይሆናል።