የሞተር ኮምፒዩተር ማስተካከያ፦ ሳጥኑን መላክ ወይስ ተሽከርካሪውን በአካል ማቅረብ?

ለቦንጋ ከተማና ለካፋ ዞን ባለንብረቶች የተዘጋጀ መረጃ

በዘመናዊ ተሽከርካሪ ውስጥ የሚረጨውን የነዳጅ መጠን፣ የሚረጭበትን ቅጽበት፣ የቱርቦውን ግፊትና በቤንዚን ሞተር ላይ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ የሚወስነው የሞተር ኮምፒዩተር ነው። በዚህ ኮምፒዩተር ውስጥ በፋብሪካ የተጻፈውን መመሪያ በመለወጥ የሞተርን ኃይል መጨመር ወይም አሠራሩን መቀየር የኮምፒዩተር ማስተካከያ ይባላል። ተሽከርካሪያቸውን ለበለጠ ኃይል የሚያዘጋጁ ባለንብረቶች አገልግሎቱን በሁለት መንገድ ያገኛሉ። አንደኛው ሳጥኑን ወይም በውስጡ ያለውን ፋይል ወደ ባለሙያው መላክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተሽከርካሪውን ራሱን ባለሙያው ዘንድ አቅርቦ እየተለካ እንዲስተካከል ማድረግ ነው።

ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 460 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ለምትገኘው ቦንጋ የመጀመሪያው መንገድ ርካሽና ቀላል መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ በስሕተት የተስተካከለ ሞተር ፒስተኑ ሊቀልጥ፣ ቱርቦው ሊሰበር ወይም ኮምፒዩተሩ ፈጽሞ ላይነሣ ይችላል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ ደግሞ በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ በጥንቃቄ መያዝ ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ ባለንብረቱ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሊያመዛዝናቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያቀርባል።

በቅድሚያ መረጋገጥ ያለበት

ማስተካከያ የሚቻለው ነዳጅን በኮምፒዩተር የሚቆጣጠር ሞተር ላይ ብቻ ነው። በአገራችን በስፋት የሚታወቀው ባለ 4.2 ሊትር የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 1ኤችዜድ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያገኘው በሜካኒካል ፖምፓ ነው። የቆዩ አይሱዙ የጭነት መኪኖችም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። በእነዚህ ላይ የሚስተካከለው ፖምፓው ሲሆን፣ ሥራውም የናፍጣ ፖምፓ ባለሙያ ሥራ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሞተር የኮምፒዩተር ፋይል እሸጣለሁ የሚል አቅራቢ ቢያጋጥም ባለንብረቱ ክፍያ ሊፈጽም አይገባም።

በአንጻሩ እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ባለ 3.0 ሊትር ዲ-ፎር-ዲ ያሉ ከፍተኛ ግፊት ባለው የጋራ ቧንቧ ነዳጅ የሚቀበሉ የናፍጣ ሞተሮች፣ እንዲሁም ኢንጀክተር ያላቸው የቤንዚን ሞተሮች በኮምፒዩተር የሚታዘዙ ናቸው። እነዚህም ቢሆኑ ጤናማ ካልሆኑ መስተካከል የለባቸውም። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ የላላ የቱርቦ ቧንቧ፣ የደከመ የነዳጅ ፖምፓ ወይም የታፈነ የአየር ፊልትሮ ያለው ሞተር ተጨማሪ ኃይል ሲጠየቅ ጉድለቱ ወደ ስብራት ይለወጣል። ስለሆነም የትኛውም መንገድ ከመመረጡ በፊት የስሕተት ኮዶች በምርመራ ማሽን ሊነበቡ፣ የሲሊንደሮቹ ግፊት ሊለካና የኢንጀክተሮቹ ሁኔታ ሊታይ ይገባል።

በመላክ የሚሰጥ አገልግሎት

የመላክ አገልግሎት ሁለት መልክ አለው። በመጀመሪያው መልክ ሳጥኑ ከተሽከርካሪው ተነቅሎ በፖስታ ወይም በሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ወደ ባለሙያው ይላካል፤ ባለሙያውም በጠረጴዛ ላይ ከፍቶ አዲሱን ፋይል ጽፎ ይመልሳል። በዚህ ጊዜ ተሽከርካሪው ባለበት ይቆማል። በተሽከርካሪው ለሚተዳደር ሰው የእያንዳንዱ ቀን ገቢ ከአገልግሎቱ ዋጋ ጋር ተደምሮ መታሰብ ይኖርበታል። ሳጥኑ በመንገድ ላይ ቢጠፋ፣ ቢረጥብ ወይም ቢወድቅ የሚተካው ሳጥን ከቁልፉ ጋር በሚገናኘው የስርቆት መከላከያ ሥርዓት መታወቅ ስላለበት፣ ተገዝቶ የተገጠመ ሁሉ ሞተሩን አያስነሣም።

በሁለተኛው መልክ ሳጥኑ ከቦታው አይነሣም። በመሪው አካባቢ በሚገኘው የምርመራ መሰኪያ በኩል በአካባቢው ያለ መካኒክ ነባሩን ፋይል ያነባል፤ ፋይሉ በኢንተርኔት ይላካል፤ የተለወጠው ተመልሶ ይጫናል። ይህ መንገድ የትራንስፖርት አደጋን ያስቀራል። ዋነኛው አደጋ የሚመጣው ፋይሉ በሚጫንባቸው ደቂቃዎች ነው። በዚያ ጊዜ የባትሪው ኃይል ቢወርድ ወይም ገመዱ ቢነቀል ኮምፒዩተሩ ግማሽ መመሪያ ይዞ ሊቀር ይችላል። በመሆኑም ባትሪውን በ13 ቮልት አካባቢ የሚያቆይ ቻርጀር ሊገናኝ፣ ላፕቶፑም በራሱ ባትሪ ሊሠራ የሚችል ሊሆን ይገባል። የመብራት መቋረጥ ሊያጋጥም በሚችልበት ቦታ ለቻርጀሩ መጠባበቂያ ኃይል ሳይዘጋጅ ሥራው ሊጀመር አይገባም።

የሁለቱም መልኮች የጋራ ጉድለት ባለሙያው ሞተሩን አለማየቱ ነው። የሚልከው ፋይል የተዘጋጀው ለዚያ ሞዴል በአጠቃላይ እንጂ ለዚያ አንድ ተሽከርካሪ አይደለም። ይህን ጉድለት የሚቀንሰው በጉዞ ላይ የሚቀዳ መረጃ ነው። ባለንብረቱ የቱርቦ ግፊትን፣ የነዳጅ ግፊትን፣ የአየር መጠንንና የሙቀት ልኬቶችን አስቀድቶ ለባለሙያው ይልካል፤ ባለሙያውም ፋይሉን ደግሞ ያርማል። መረጃ ሳይቀበል አንድ ጊዜ ብቻ ፋይል ልኮ የሚያበቃ አቅራቢ ከመላክ አገልግሎት ዝቅተኛውን ደረጃ የሚሰጥ ነው።

በአካል የሚሰጥ አገልግሎት

በአካል በሚሰጥ አገልግሎት ተሽከርካሪው በኃይል መለኪያ መዘውር ላይ ወይም ለሙከራ በተፈቀደ ቦታ እየሠራ ይለካል። ባለሙያው በቤንዚን ሞተር ላይ የአየርና የነዳጅ ምጣኔን እንዲሁም የማንኳኳት ድምፅን፣ በናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ የጭሱን መጠንና የጭስ ማውጫውን ሙቀት በዓይኑ እያየ ይወስናል። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ የሚቃጠልበት ምጣኔ ለአንድ ኪሎ ግራም ነዳጅ 14.7 ኪሎ ግራም አየር ነው። ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ ነዳጁ ከዚህ ከፍ እንዲል ይደረጋል። ምጣኔው በተቃራኒው ከሳሳ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ፒስተንና ቫልቭም ይጎዳሉ። በናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ የጭስ ማውጫው ሙቀት በረጅም ዳገት ላይ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባይዘልቅ ይመረጣል።

የዚህ መንገድ ዋጋ ከፍ ያለ ነው። ከቦንጋ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 920 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ነዳጁ፣ የአሽከርካሪው አበልና የማደሪያው ወጪ ሊታሰብ ይገባል። በሌላ በኩል ይህ ጉዞ ራሱ ፈተና ነው። ተሽከርካሪው ከተስተካከለ በኋላ የጎጀብን ቁልቁለትና ዳገት አልፎ ቦንጋ ሲደርስ በእውነተኛ ጭነት ተሞክሯል ማለት ነው። ጉድለት ካለ ባለሙያው ሳይራቅ፣ ጅማ ከመድረስም በፊት ሊታወቅ ይችላል።

ከፍታና ነዳጅ

ለካፋ ዞን ባለንብረት ከሁሉ የሚልቀው ጥያቄ ፋይሉ የተዘጋጀው በየትኛው ከፍታ ላይ ነው የሚለው ነው። የአየር ግፊት ከፍታ ሲጨምር ይቀንሳል። ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በቦንጋ፣ በ1,700 ሜትር አካባቢ፣ 81 በመቶ ያህል፤ በአዲስ አበባ፣ በ2,400 ሜትር አካባቢ፣ 75 በመቶ ያህል ይሆናል። ከዚህ ሁለት አደጋዎች ይመነጫሉ።

የመጀመሪያው በባሕር ጠለል አቅራቢያ ባሉ አገሮች የተዘጋጀ ፋይል ወደ ደጋ ሲመጣ የሚፈጠረው ነው። ፋይሉ ያዘዘውን ግፊት በቀጭን አየር ለማግኘት ቱርቦው ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ለመሽከርከር ይገደዳል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ሁለተኛው በአዲስ አበባ ብቻ ተለክቶ የተስተካከለ የቤንዚን ሞተር ወደ ዝቅተኛ ቦታ ሲወርድ የሚፈጠረው ነው። በአዲስ አበባ ያላንኳኳ ሞተር በጎጀብ ሸለቆ ወይም በዴቻ ቆላ ተጨማሪ አየር ስለሚያገኝ ሊያንኳኳ ይችላል። ከአዲዮ ደጋ እስከ ዴቻ ቆላ የሚመላለስ ተሽከርካሪ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱንም ሁኔታ ያያል። ስለዚህ በየትኛውም መንገድ ቢሠራ ባለሙያው የከፍታ ማካካሻውን ሳያጠፋ መተውና ለዝቅተኛው ቦታ የደኅንነት ኅዳግ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

ነዳጅን በሚመለከት በውጭ አገር የሚሸጡ ብዙ የቤንዚን ፋይሎች 95 ወይም 98 ኦክታን ላለው ቤንዚን የተዘጋጁ ናቸው። ባለንብረቱ በአካባቢው ማደያ የሚያገኘው ቤንዚን ከዚያ ያነሰ ኦክታን ያለው ሊሆን እንደሚችል ታሳቢ አድርጎ ፋይሉ ለዝቅተኛው እንዲዘጋጅ መጠየቅ አለበት። ናፍጣ በበርሜል በሚቀመጥበት ቦታም በዞኑ ረጅም የዝናብ ወቅት ውሃ ከነዳጁ ጋር ሊቀላቀል ስለሚችል፣ የናፍጣ ፊልትሮና የውሃ መለያው ከማስተካከያው በፊት መለወጥ ወይም መጽዳት ይኖርባቸዋል።

የትኛው ለማን ይስማማል?

ተሽከርካሪው ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ከሆነ፣ የሚፈለገው የኃይል ጭማሪ መጠነኛ ከሆነ፣ ባለሙያው ያንኑ ሞተር በደጋ ላይ የሠራበት ልምድ ካለው፣ በቦንጋ ወይም በጅማ ደግሞ መረጃ መቅዳት የሚችል መካኒክ ካለ ፋይል የመላክ አገልግሎት ሊበቃ ይችላል። ቱርቦው፣ ኢንጀክተሩ፣ የአየር ማስገቢያው ወይም የጭስ ማውጫው የተለወጠ ከሆነ ግን ለሞዴሉ የተዘጋጀ ፋይል አይገጥመውም፤ ተሽከርካሪው በአካል መቅረብ አለበት። ከባድ ጭነት የሚጭን ወይም በየዕለቱ ሰው የሚያጓጉዝ ተሽከርካሪም እንዲሁ በአካል ቢቀርብ ይሻላል።

ሳጥኑን ነቅሎ መላክ የመጨረሻ አማራጭ ሊሆን ይገባል። ይህም ኮምፒዩተሩ በምርመራ መሰኪያ በኩል የማይጻፍ ሲሆን ብቻ የሚመረጥ ነው። ሳጥኑ ከመነቀሉ በፊት የባትሪው አሉታዊ ገመድ ይፈታል፤ የሳጥኑ መለያ ቁጥርም በፎቶ ይያዛል። ሳጥኑ እርጥበት በማያስገባ ከረጢትና ድንጋጤ በሚከላከል ማሸጊያ ተጠቅልሎ መከታተያ ቁጥርና ደረሰኝ በሚሰጥ አገልግሎት ይላካል። ለአውቶቡስ ረዳት በእጅ ሰጥቶ መላክ ሳጥኑ ቢጠፋ ለመጠየቅ የሚያስችል ማስረጃ አያስገኝም። ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ደግሞ ሲመለስ እንደ አዲስ ዕቃ ቀረጥ እንዳይጠየቅበት፣ ከመላኩ በፊት ለጉምሩክ ለጥገና የሚወጣ መሆኑ ሊገለጽና ሰነዱ ሊያዝ ይገባል።

ሕግን የሚመለከቱ ነጥቦች

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ያደርጋሉ። የሞተሩን ኃይል የሚለውጥ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባለንብረቱ በሊብሬው ላይ ከሰፈረው መረጃ ጋር ልዩነት ይፈጥር እንደሆነ ተሽከርካሪውን ከመዘገበው መሥሪያ ቤት ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። የፍጥነት መገደቢያን በፋይል ማጥፋትና የጭስ ማጣሪያ ክፍሎችን ከሥራ ማስወጣት የማስተካከያ አገልግሎት አካል ተደርገው ሊቀርቡ አይገባም፤ የመንገድ ደኅንነትንና የሕዝብ ጤናን ይጎዳሉና።

በተሽከርካሪ አደጋ የ3ኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 የተጣለው የመድን ግዴታ በማስተካከያው ምክንያት አይቀርም። ባለንብረቱ ለራሱ ተሽከርካሪ ጉዳት የገባው ውል ካለ ለውጡን ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ያልተነገረ ለውጥ በካሳ ጥያቄ ጊዜ ክርክር ሊያስነሣ ይችላል። የሙሉ ኃይል ሙከራም በሕዝብ መንገድ ላይ አይደረግም።

ከክፍያ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1. ነባሩ የፋብሪካ ፋይል ተነብቦ ቅጂው ለባለንብረቱ ይሰጣል ወይ? ይህ ቅጂ ከሌለ ወደ ቀድሞው ሁኔታ መመለስ አስቸጋሪ ይሆናል።
2. ፋይሉ የተሞከረው በስንት ሜትር ከፍታና በምን ዓይነት ነዳጅ ነው?
3. ከማስተካከያው በፊትና በኋላ የተለኩ ውጤቶች በጽሑፍ ይሰጣሉ ወይ?
4. እርማት ቢያስፈልግ ስንት ጊዜ፣ በምን ዋጋና በስንት ቀን ይደረጋል?
5. ፋይል ሲጫን ኮምፒዩተሩ ቢበላሽ ኃላፊው ማን ነው?

መልሶቹ በውል ላይ ሊሰፍሩ፣ ለክፍያውም ሕጋዊ ደረሰኝ ሊያዝ ይገባል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለአገልግሎት ተጠቃሚዎችም ጥበቃ ያደርጋል። አቤቱታ ለማቅረብ ግን ደረሰኝ፣ ውልና የልኬት ሰነድ ያስፈልጋሉ።

ማሳሰቢያ

ከማስተካከያ በኋላ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ፣ ቢያንኳኳ፣ ሙቀቱ ቢጨምር ወይም የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ቢበራ፣ አሽከርካሪው ጭነቱን ቀንሶ በቅርብ ወደሚገኝ ጋራዥ ማምራት አለበት። ጉድለቱ እስኪታወቅ ድረስ የፋብሪካው ፋይል እንዲመለስ ማድረግ ከሁሉ የተሻለው እርምጃ ነው።