የአንድ ሰው መሰርሰሪያ፦ ሚሺጋን፣ 1913

በሰሜን ሚሺጋን፣ በኪዊኖ ልሳነ ምድር የሚወጣው መዳብ ለረጅም ጊዜ የአሜሪካን ገበያ የያዘ ነበር። ከኩባንያዎቹ ትልቁ ካሉሜት እና ሄክላ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ግን የሞንታናዋ ቢውት በምርት ቀደመች። ከ1906 ወዲህ ደግሞ ዩታ ውስጥ፣ ቢንግሃም ካንየን ላይ፣ የዳንኤል ጃክሊንግ ኩባንያ ሁለት በመቶ ገደማ ብቻ መዳብ ያለውን ድንጋይ በእንፋሎት አካፋ ከላይ ይዝቅ ጀመር። ሚሺጋኖች በአንጻሩ ማዕድኑን ተከትለው እየወረዱ ነበር። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ድንጋዩን የማውጣት፣ ውሃውን የመምጠጥ፣ ጣሪያውን በግንድ የመደገፍ ወጪ ይከመራል።

ኩባንያዎቹ ወጪ ለመቀነስ ዓይናቸውን የጣሉት መሰርሰሪያው ላይ ነው። ዓለቱ በእጅ በሚበሳበት ዘመን አንዱ ብረቱን ይዞ ያዞራል፣ ሁለቱ እየተፈራረቁ በመዶሻ ይመታሉ። በታመቀ አየር የሚሠራው መሰርሰሪያ ሲገባ ሥራው የሁለት ሰው ሆነ፦ አንዱ መሣሪያውን ወደ ዓለቱ ይገፋል፣ ሌላው የደነዘውን ብረት እያወጣ በሌላ ይተካል። ቀለል ያለው አዲሱ ዓይነት በ1910ዎቹ መጀመሪያ ሲመጣ ያ ሁለተኛው ሰው ትርፍ ሆኖ ተቆጠረ። አንድ ሠራተኛ ብቻውን ይትከል፣ ይብሳ፣ ብረቱንም ይቀይር ተባለ።

በኩባንያዎቹ ስሌት ይህ ትክክል ነበር፤ ከቢንግሃም ጋር የሚፎካከር ኩባንያ ይህን ባያስብ ነው የሚገርመው። በሒሳብ መዝገብ ያልገባው ግን ሁለተኛው ሰው ያደርግ የነበረው ሌላው ሥራ ነው። ጣሪያው ሲሰነጠቅ ድምፁን የሚሰማ፣ ድንጋይ የተጫነውን የሚያወጣ፣ ለእርዳታ የሚሮጥ እሱ ነበር። ሠራተኞቹ መሣሪያውን «መበለት አድራጊ» ያሉት በከንቱ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ሐምሌ 23 ቀን 1913 በምዕራባዊው የማዕድን ሠራተኞች ፌዴሬሽን መሪነት የመዳብ ሠራተኞቹ አድማ ተጀመረ። ጥያቄዎቹ አራት ነበሩ፦ የስምንት ሰዓት ሥራ፣ በቀን ቢያንስ 3 ዶላር ደመወዝ፣ የማኅበሩ መታወቅ፣ በአንድ መሰርሰሪያ ላይ ሁለት ሰው። አገረ ገዢው ውድብሪጅ ፌሪስ የክልሉን ጦር ላኩ። የካሉሜት እና ሄክላ ሥራ አስኪያጅ ጄምስ ማክኖተን ከማኅበሩ ጋር ለመነጋገር እምቢ አሉ። በገና ዋዜማ ለአድማ መቺ ቤተሰቦች ልጆች በተዘጋጀ ድግስ ላይ፣ በጣሊያኖች አዳራሽ፣ አንድ ሰው «እሳት!» ብሎ ጮኸ። እሳት አልነበረም። ወደ መውጫው በተደረገው ግፊያ ደረጃው ላይ 73 ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኞቹም ልጆች ነበሩ።

አድማው ሚያዝያ 1914 ላይ ሲያበቃ የስምንት ሰዓቱ ቀን ተገኝቶ ነበር። ወደ ሥራ የሚመለሰው ሰው ግን የማኅበር ካርዱን መመለስ ነበረበት፤ መሰርሰሪያውም የአንድ ሰው ሆኖ ቀረ።

በዚህ ታሪክ ብዙም ትኩረት ያላገኙት ፊንላንዳውያን፣ ክሮአቶችና ጣሊያኖች የበዙባቸው ጋሪ ገፊዎች ናቸው። በድማሚት የተፈረካከሰውን ድንጋይ በአካፋና በእጃቸው እየጫኑ፣ ሲሞላ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝነውን ጋሪ በሐዲድ ላይ ይገፉ ነበር። አዲሱ መሰርሰሪያ መብሳቱን ቢያፋጥንም ለእነሱ የሚጫነውን ድንጋይ ከማብዛት በቀር የቀነሰላቸው ነገር አልነበረም። አድማው ካበቃ በኋላም ጭነቱ ለዓመታት በእጅ ቀጠለ።