ባል የውጭ ዜጋ ሲሆን

በማኅበራችን ልጆቻቸው አሜሪካ የሚኖሩ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ሰሞኑን በመካከላችን የተነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ የመንግሥት ሥራ የያዘች ልጅ የሌላ አገር ዜጋ ብታገባ እንጀራዋን ታጣለች ወይ? ነገሩ የቆየ ታሪክ ስላለው ከዚያ ብንጀምር ይሻላል ብለናል።

እ.ኤ.አ. በ1907 አሜሪካ ባወጣችው ሕግ፣ የውጭ ዜጋ ያገባች አሜሪካዊት የባሏን ዜግነት ትይዛለች ተባለ። ወንዱ ግን የፈለገውን አገር ሴት ቢያገባ ዜግነቱ አይነካም። ኤቴል ማኬንዚ የተባለች ሴት የእንግሊዝ ዜጋ አግብታ፣ በተወለደችበት በካሊፎርኒያ ለምርጫ ልትመዘገብ ብትሄድ ዜጋ አይደለሽም ተብላ ተመለሰች። ክርክሯ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1915 ተፈረደባት።

ከሁሉ የሚገርመን ግን የሩት ብራያን ኦወን ነገር ነው። አባቷ ሦስት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ዊሊያም ጄኒንግስ ብራያን ናቸው። ሩት በ1910 የእንግሊዝ ጦር መኮንን አገባች፤ በዚያው ዜግነቷ ሄደ። በኋላ ባሏ ታሞ ሲደክም፣ በየከተማው እየዞረች ንግግር በማድረግ በምታገኘው ገንዘብ ቤተሰቧን አስተዳደረች። ቤቱን የምታኖረው እሷ፣ ዜግነቷ የሚቆጠረው በእሱ!

በ1922 ሕጉ ተሻሻለ፤ የተወሰደው ዜግነት ግን በራሱ አልተመለሰም፤ እንደ መጤ አመልክቶ መቀበል ግድ ነበር። ሩት የራሷን ያገኘችው በ1925 ነው። በ1928 ከፍሎሪዳ ለምክር ቤት ስትመረጥ፣ የተሸነፈው ተወዳዳሪ ዜጋ ከሆነች ሰባት ዓመት አልሞላትም ብሎ ተቃወመ፤ ሕገ መንግሥቱ ከተመራጭ ሰባት ዓመት ይጠይቃልና። ሩት በኮሚቴው ፊት ራሷ ቀርባ፣ የውጭ ሴት በማግባቱ ዜግነቱን ያጣ አሜሪካዊ ወንድ እንደሌለ ተከራከረች፤ ወንበሯንም አስከበረች።

በ1933 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በዴንማርክ የአሜሪካ ዋና መልእክተኛ አድርገው ሾሟት። ከእሷ በፊት እንዲህ ያለ ሹመት ያገኘች አሜሪካዊት አልነበረችም። የቀድሞ ባሏ ሞቶ ነበርና በ1936 የዴንማርክ ንጉሥ ክብር ዘብ መኮንን አገባች። ጋብቻው የዴንማርክ ዜግነት ስላመጣባት ሥራዋን ለቀቀች። እውነቱን ለመናገር ይህኛው ምክንያት አለው፤ መልእክተኛ የተላከበት አገር ዜጋ ከሆነ ለማን ይቆማል መባሉ አይቀርም። የ1907ቱን ሕግ ግን በምንም ሚዛን ልንቀበለው አንችልም።

የእኛም አገር ሕግ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በ1922 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1930) የወጣው የዜግነት ሕግ፣ ኢትዮጵያዊት የውጭ ዜጋ ስታገባ የባሏ አገር ዜግነት ካገኘች ኢትዮጵያዊነቷ ይቀራል ይል ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የውጭ ዜጋ ያለ ልዩ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ከለከለ። ከሂሳብ መዝገብ ጋር ለምንውል ሰዎች የሁለቱ ድምር ግልጽ ነው፤ ጋብቻው ቤትና መሬትን ሊነካ ይችል ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 የውጭ ዜጋ ማግባት የወንዱንም ሆነ የሴቷን ኢትዮጵያዊ ዜግነት እንደማያስቀር ደነገገ።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ምስጢራዊ መረጃ የሚነካ ሥራ የምትይዝ ሴት የደኅንነት ፈቃድ ለማግኘት ረጅም ቅጽ ትሞላለች። የባሏ ዜግነትና በውጭ ያሉ ዘመዶቿ ይጠየቃሉ፤ ወንዱም እንዲሁ ይጠየቃል። የውጭ ዜጋ ማግባት ብቻውን አያስከለክልም። የሚመዘነው አገሩ የትኛው እንደሆነ፣ የባል ቤተሰብ ከዚያ መንግሥት ጋር ያለው ግንኙነትና በእሷ ላይ ጫና ሊደረግባት መቻሉ ነው። ፈቃዱ ሊዘገይ ይችላል፤ አንዳንዴም ይከለከላል። ፈቃድ ያላት ልጅ ጉዳዩን ለመሥሪያ ቤቷ ማሳወቅ አለባት፤ ተደብቆ የተገኘ ጋብቻ በግልጽ ከተነገረው ይልቅ ይጎዳታል።

ቅጹ ለውጭ ዜጎች የሚሰጥ የገንዘብ እርዳታንም ይጠይቃል፤ ለእናት የሚላከው ጭምር ማለት ነው። ስለዚህ በውጭ ልጅ ያላችሁ እኅቶች፣ የላከችበትን ደረሰኝ በየዓመቱ ለይታ እንድታስቀምጥ ንገሯት።